ላስቲኩ ይቆይ

አዲስ ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ ላስቲኩም አብሮት ይገባል። ዕቃው ያረጃል፣ ይሰበራል፣ ለሰው ይሰጣል። ላስቲኩ ግን ይኖራል። ምክንያቱም በዚህ አገር በየቤቱ ላስቲክ እንዳይላጥ ዘብ የቆመ አንድ ሰው አለ። ሪሞቱን በየዓመቱ በአዲስ ላስቲክ የሚጠቀልለው እሱ ነው። የፍሪጁ ልባስ ጥጉ ተነሥቶ ሲያገኘው በምራቁ አርጥቦ የሚመልሰው እሱ ነው። በሙቀት ቀን ፎቴ ላይ ተቀምጣችሁ ላስቲኩ ጭናችሁን ይዞ አልለቅም ሲል፣ «ተዉት፣ ይቆይ» የሚላችሁም እሱው ነው። እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄያለሁ። መልሱ «ይቆይ» ነው።

የእኛ ግቢ ዘብ ክቡር ጋሼ ሙዐዊያ ይባላሉ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የቤት አከራዬ ናቸው። ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ሰው ከንብረት ክፍል ጡረታ ይወጣል እንጂ ንብረት ክፍል ከሰው ጡረታ አይወጣም። አምፖል ተቃጥሎብኝ ብጠይቃቸው «የተቃጠለውን መልስ» ይሉኛል። እመልሳለሁ። ገልብጠው፣ አናውጠው፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሞቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው አዲሱን የሚሰጡኝ። እሱንም ከነካርቶኑ፣ «ካርቶኑን እንዳትጥለው» ከሚል ምክር ጋር።

የላስቲክ ወንበር ራሱ ላስቲክ ለብሶ ያየሁት እሳቸው ቤት ብቻ ነው። የሳሎኑ የግድግዳ ሰዓት የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ ቢጫ ሆኗል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ከእሱ ላይ ማንበብ አይቻልም። የክብሩ ክብር ግን ፎቴው ነው። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከፋብሪካ የለበሰውን ወፍራም ላስቲክ አንድም ቀን አላወለቀም። ሸዋ ሮቢት በሚያዝያ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። በዚያ ሙቀት እዚያ ፎቴ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሣ እንደ ፕላስተር እየተላጠ፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ ነው የሚነሣው። ላስቲኩ ከመደብዘዙ የተነሣ የጨርቁ ቀለም እንኳ አከራካሪ ሆኗል። ባለቤታቸው እትዬ ራቢዓ ቡናማ ነው ይላሉ። ልጃቸው ኑርሃን ሲገዛ ዘጠኝ ዓመቷ ስለነበር አረንጓዴ ነው ብላ ትምላለች። ጋሼ ሙዐዊያ አይከራከሩም። «ለእንግዳ ነው» ይላሉ፣ እንግዳው ቀለሙን ሲያይ ይፈርዳል ማለታቸው ይሁን ሌላ አይታወቅም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ባሉበት ቤት ነው ኑርሃን ኮምፒውተር ልትገጥም የተነሣችው።

ኑርሃን የሕንፃ ንድፍ ተምራለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቤት ፕላን የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቤቷ ሆና በኢንተርኔት ለምትሠራበት ቦታ አመለከተችና ድርጅቱ ለሐሙስ ከሰዓት፣ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ፈተና ሰጣት። ካለፈች እዚሁ እናትና አባቷ ጋ ሆና ትሠራለች። ካላለፈች ወይም ካልተፈተነች አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ገብታ ሥራ ትፈልጋለች፤ ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ተዘጋጅቷል። የመሳያው ፕሮግራም ከባድ ነው፤ ከተማው ውስጥ ባሉት የኮምፒውተር ቤቶች ሞክራው አንዱም አልከፈተላትም። ይህን ቀድማ ስላወቀች ፈተናው ከመቆረጡ በፊት ጀምራ ስምንት ወር ሙሉ ዕቃውን አንድ በአንድ በአውቶቡስ እያስመጣች አጠራቀመች። ሣጥኑ መጣ፣ ስክሪኑ መጣ፣ ሁሉም የሚሰካበት ማዘርቦርድ መጣ፣ ፕሮግራሙ ቀድሞ የተጫነበት ዲስክ መጣ። እያንዳንዱን ጋሼ ሙዐዊያ በር ላይ ቆመው ተረከቡ፤ ላስቲኩ እንዳልተቀደደም አረጋገጡ።

ረቡዕ ጠዋት መግጠም ስትጀምር አባትየው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ቀስ በይ። እሱን አትላጪው።»

«አባባ፣ ይሄ መላጥ አለበት።»

«ማን አለ?»

እኔ የግቢው ተከራይ፣ የአማርኛ መምህሩ፣ አስታራቂ ሆኜ ተጠራሁ። ከረጅም ድርድር በኋላ ስምምነት ተደረሰ፤ በውጭ ያለው ላስቲክ፣ ማለትም የስክሪኑና የሣጥኑ መስተዋት፣ የአባት ይሆናል። በውስጥ ያለው የልጅ ይሆናል። ጋሼ ሙዐዊያ እየከበዳቸው ተቀበሉ።

ልጅቱ ሥራዋን ቀጠለች። የኮምፒውተሩ አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል፤ ሲሠራ እንደ እሳት ይግላል። ስለዚህ ከላዩ ማቀዝቀዣ ይጫንበታል፤ ሥሩ ልሙጥ መዳብ የሆነ፣ አናቱ ላይ ፋን ያለው ከባድ ዕቃ። መዳቡን የሸፈነውን ስስ፣ እንደ መስተዋት የጠራ ላስቲክ ላጠችና ማቀዝቀዣውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መሃል የሚቀባው ቅባት ግን በሌላ ጥቅል ከአዲስ አበባ ገና መምጣቱ ስለነበር ባጃጅ ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች። እኔ ግቢ ውስጥ የተማሪ ደብተር ሳርም ጋሼ ሙዐዊያ ከክፍሏ ወጡ። እጃቸውን በነጭ መሐረባቸው ይጠርጋሉ። ፊታቸው ላይ ቆጠራው የሞላለት ንብረት ክፍል እርካታ ይነበባል። «ሙቀቱ በረታ፣ መምህር» አሉኝ። «በረታ» አልኳቸው። ሌላ አልተነጋገርንም።

ኑርሃን እየተቻኮለች ተመለሰች፣ ቅባቱን ፕሮሰሰሩ ላይ ጠብ አደረገች፣ ማቀዝቀዣውን ጫነች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች። ዐሥር ሰዓት ላይ ሁላችን ተሰብስበን ሳለ «ቢስሚላህ» ብላ ማብሪያውን ተጫነችው።

መብራቱ በራ። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ላይ ምልክት መጣ። እትዬ ራቢዓ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጥፍት አለ።

ድጋሚ ተጫነችው። በራ፣ ዞረ፣ ጥፍት። በሦስተኛው ምልክቱ እንኳ ሳይመጣ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ቀን እንዴት እንዳለፈ በቅደም ተከተል የሚነግረኝ ካለ ውለታው አይረሳኝም። የማስታውሰው የሁላችንንም ጥበብ ነው። እትዬ ራቢዓ «ዓይን ነው» አሉ። «ስምንት ወር ሙሉ ዕቃ ሲገባ ሰፈሩ እያየ! ዓይን በልቶታል።» ቁርኣን ቀርተው እፍ አሉበት። ጎረቤታችን ዮሴፍ፣ የሽንኩርት ማሳውን የውሃ ሞተርም የመንገዱን ከባድ መኪናም የሚጠግነው፣ ሶኬቱን ለካና «መብራቱ ነው፤ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል» አለ። የራሱን ስታቢላይዘር አምጥቶ ቢሰካው ስታቢላይዘሩ እንደ በራ ቀረ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። እኔ በበኩሌ «አጥፍቶ ማብራት ይሞከር» አልኩ። ኑርሃን ቀና ብላ አየችኝ። ማጥፋቱን ራሱ ችሎታል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብ አልሰጠሁም።

ጋሼ ሙዐዊያ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ምክንያቱን ያውቁታል። «ነግሬሻለሁ» አሉ። «ላስቲኩን ልጠሽ ልጠሽ አቧራ አስገባሽበት። ከነላስቲኩ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም።»

ኑርሃን ራም የሚባለውን የኮምፒውተሩን ማስታወሻ አውጥታ ጥርሱን በላጲስ አሽታ መለሰች። ገመዶቹን ሁሉ ነቅላ ሰካች። ለተማሪ ቤት ጓደኞቿ ደወለች፤ አንዱ ፓወር ሰፕላዩ ነው አላት፣ ሌላዋ ማዘርቦርዱ ነው አለቻት፣ ሦስተኛው «የገዛሽበት መልሺው» አላት። ሁሉም እርግጠኞች ነበሩ።

ከሁሉ ይበልጥ ግራ ያጋባን ሐሙስ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ዐርፎ ሲያድር ለካ ጉልበት አግኝቷል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትከፍተው ምልክቱን አልፎ፣ «እንኳን ደኅና መጡ» የሚለው ጽሑፍ ጋ ደረሰ። በአንድ ድምፅ ጮኽን። ጠፋ። ወዲያው ሲሞከር ደግሞ እንደ ትናንቱ ገና ከደጁ ተመለሰ። ሲያርፍ ይረዝማል፣ ሲደክም ያጥራል። ከሰው በምን ይለያል? ዮሴፍ «ጠዋት መብራቱ ሙሉ ስለሆነ ነው» አለና ወደ ቀወት የሽንኩርት ማሳ ሄደ። እኛ ኮምፒውተሩን እንደ በሽተኛ አቅፈን ወደ እኔ ክፍል አዛወርነው፣ ጥላ ነው ተብሎ። ቬንትሌተር ፊት አቆምነው። ጠፋ። የአሸዋ ከረጢት ያህል ከብዶን መልሰን ወሰድነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኑርሃን ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ምንም አልገባኝም» አለች። «ሁሉንም አይቻለሁ። ሁሉም ደኅና ነው። ደኅና ሆኖ ይጠፋል።» ማንንም ሳታይ፣ «ለድርጅቱ ደውዬ አልቻልኩም ልበላቸው። ቅዳሜ አዲስ አበባ እሄዳለሁ» አለች።

እትዬ ራቢዓ «ሰብር አድርጊ ልጄ፣ ታገሺ» ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ፤ የገቡት እንዳናያቸው ነው። ጋሼ ሙዐዊያ ከወንበሩ ተነሡ፣ ሻንጣው ያለበትን አልጋ አዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ላስቲክ ምንም አላሉም።

ስምንት ሰዓት ላይ ዮሴፍ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ሆኖ ከማሳ ተመለሰ። «እንዴት ሆነ?» አለና ጣቱን ወደ ኮምፒውተሩ ሲልክ ጋሼ ሙዐዊያ «ታጥበህ!» ብለው አስቆሙት። ታጥቦ መጣ። ኑርሃን ተስፋ ሳይኖራት አንዴ ከፈተችለት። ሲበራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ዳሰሰ። ሲጠፋም እጁን አላነሣም። ከዚያ ሌላ ጣቱን ከሥር፣ ፕሮሰሰሩ ወደ ተቀመጠበት ጥግ አስጠጋና ባንዴ መለሰው።

«ይፋጃል!» አለ። «ላዩ ግን ቀዝቃዛ ነው።»

«ማቀዝቀዣ አይደል እንዴ፣ ቢቀዘቅዝ ምን አለበት?» አልኩ። ሐሳብ አልሰጥም ማለቴን ረስቼ ነበር።

«አይ፣ መምህር! ሞተር ሲግል ራዲያተሩም መጋል አለበት። ሞተሩ እየነደደ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው አላለፈም ማለት ነው። መሃል ላይ የዘጋ ነገር አለ። ጀውሃ መንገድ ላይ ስንት መኪና እንዲህ ሆኖ ፈትቻለሁ!»

ኑርሃን ቀስ ብላ ተነሣች። «መሃል ላይ ቅባቱ ብቻ ነው ያለው» አለች። «ላስቲኩን እኔ ራሴ ልጬዋለሁ።» ይህን እያለች ግን ብሎን መፍቻውን አንሥታለች። አራቱን ብሎኖች ፈታች። ማቀዝቀዣውን ነቅላ ገለበጠችው።

ቅባቱ አለ። ከቅባቱ ሥር ላስቲኩ አለ። ሙቀቱ ጠርዙን አኮማትሮታል እንጂ ከዳር እስከ ዳር ጥንቅቅ ብሎ፣ አንዲት የአየር አረፋ ሳትገባበት፣ መዳቡ ላይ ተለጥፏል።

«ልጬው ነበር» አለች ኑርሃን። «ወላሂ ልጬው ነበር! ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ታድያ...»

ዮሴፍ እኔን አየኝ። እኔ ኑርሃንን አየሁ። በግራ መጋባት ላይ ግራ መጋባት ተጨመረ፤ የተላጠ ላስቲክ በእግሩ አይመለስም። በኋላ ግን ሦስታችንም ወደ አንድ ወንበር ዞርን።

ጋሼ ሙዐዊያ መሐረባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«መዳቡ እርቃኑን ተገልብጦ አየሁታ» አሉ። «አንቺ መናኸሪያ ሄደሻል። ዝንብ ያርፍበታል፣ እጅ ይነካዋል፣ ይጫራል አልኩ። ላስቲኩም አጠገቡ ወድቋል። ለእሱ የተሠራ ነው፣ ልክክ ይላል። ውስጥ ያለው ያንቺ ነው ብለሻል፤ ስምምነቱን አፍርሻለሁ።» ድምፃቸው ወረደ። «ግን አየር አላስገባሁበትም።»

እውነታቸውን ነው፤ አላስገቡም። ዮሴፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። ኑርሃን ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ከዚያ መሐረቡን ከእጃቸው ወሰደችና ፕሮሰሰሩ ላይ የቀረውን ቅባት በሳኒታይዘር ጠረገችበት፤ ያን ነጭ መሐረብ! ስትጨርስ ማቀዝቀዣውን አንሥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«አባባ፣ አንተ ላጠው።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ የለጠፍከው። ቶሎ በል፣ ሰዓት ሄደ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ክፍል፣ ስድስት ዓመት ጡረታ፣ አንድም ላስቲክ በገዛ እጃቸው ልጠው አያውቁም። ጥፍራቸውን ጥጉ ላይ አሳረፉ። የልጅ ቁስል ላይ ያለ ፕላስተር እንደሚያነሣ ሰው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በቀስታ ሳቡት። መዳቡ ወጣ፤ እያበራ። ላስቲኩን ልንጥልላቸው እጃችንን ስንዘረጋ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ኑርሃን የተረፋትን ቅባት ቀባች፣ ማቀዝቀዣውን መልሳ አሰረች። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ኮምፒውተሩ በራ። ምልክቱን አለፈ። «እንኳን ደኅና መጡ»ን አለፈ። ትንፋሽ ሳናወጣ ጠበቅነው፤ አልጠፋም። እትዬ ራቢዓ ትናንት የጀመሩትን እልልታ ጨረሱት። «አልሐምዱሊላህ! ውጡልኝ!» አለች ኑርሃንና ሁላችንንም ገፍታ በሩን ዘጋች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጋሼ ሙዐዊያ በሩ ላይ ተቀመጡ። ዶሮ እንኳ በዚያ በኩል አላለፈም። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አየህ መምህር» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ልጄ እንዳትሄድብኝ አምስቱንም ሶላት ዱዓ ሳደርግ ነው የከረምኩት። በገዛ እጄ ልሸኛት ነበር። ይሄ የላስቲክ ነገር በሽታ ነው መሰለኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ያልነገርኳችሁን ልነግራችሁ ይገባል። እኔ እኚህን ሰው ያወቅኳቸው አጣዬ ሳስተምር፣ ለሁለት ወር ሥልጠና ሸዋ ሮቢት መጥቼ ሲያከራዩኝ ነው። ስመለስ የዲግሪዬን ዋና ወረቀት ሻንጣዬ ውስጥ አይተው ጮኹ። «ዋናውን ይዘህ ትዞራለህ? ኮፒውን ያዝ፤ ዋናው እዚህ ይቆይ።» በሦስት ላስቲክ ጠቀለሉት፣ አሰሩት፣ አስፈርመውኝ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉት። አጣዬ ደርሼ ለጓደኞቼ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ ሳወራ ሰው በሳቅ ሞተ። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል የተከራየሁበት ቤት ከነመጻሕፍቴ፣ ከነልብሴ ነደደ። በለበስኩት ልብስ ሸዋ ሮቢት ደርሼ በሩን ሳንኳኳ፣ ጋሼ ሙዐዊያ ገና ሳልቀመጥ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ዛሬ የማስተምረው በዚያ ወረቀት ነው።

«በሽታ አይደለም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «የእኔ እንጀራ ከነላስቲኩ አይደል እንዴ ያለው?»

ቀና አሉ። «ላስቲኩን አልላጥከውም?»

«አልላጥኩትም።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን በስልክ መጣ፤ አልፋለች። በማግስቱ ከሶላት መልስ ጋሼ ሙዐዊያ ሁላችንንም ሳሎን ጠሩን። ገብተን በሩ ላይ ተገትረን ቀረን። ፎቴው ላስቲኩን አውልቋል። ቡናማም አልነበረም፤ አረንጓዴም አልነበረም። የጠራ ሰማያዊ ነበር።

ማንም ለመቀመጥ አልደፈረም። ዮሴፍ ሱሪውን ከኋላው አየና ወደ በሩ አፈገፈገ። እትዬ ራቢዓ «ዐሥራ አራት ዓመት ቡናማ ስል!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

«ለእንግዳ ነበር ያቆየሁት» አሉ ጋሼ ሙዐዊያ፣ ልጃቸውን እያዩ። «ያን ዕለት ሻንጣሽን ሳየው ግን፣ ለካ እንግዳዋ አንቺ ልትሆኚ ነበር። በዓመት አንዴ መጥተሽ እዚህ ላይ ተቀምጠሽ የምትሄጂ።» በእጃቸው ጨርቁን መታ መታ አደረጉት። «ነይ፣ ተቀመጪ። የቤት ሰው ይቀመጥበት።»

ኑርሃን ሄዳ ተቀመጠች። ፎቴው ምንም ድምፅ አላሰማም።